አራተኛው ምስክር

ጥር 9

ለእትዬ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። ከሁሉ አስቀድሜ ለቀብሩ ባለመድረሴ ይቅርታ እጠይቃለሁ። አባዬ ማረፉን የነገሩኝ ዕለት ወደቡ ላይ ሁለት መርከብ ቆሞ ነበር፤ ክሬኑ ላይ የሚተካኝ ሰው ደግሞ ታሞ ተኝቶ ነበር። አለቃዬን ብለምነው ምናልባት ይለቀኝ ነበር። አልለመንኩትም።

መደወል ይገባኝ ነበር። ግን ይሠሩበት የነበረው የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ጆሮዎን ከጎዳው ወዲህ ስልክ እንደሚያደክምዎ አባዬ ይነግረኝ ስለነበር ደብዳቤ ይሻላል አልኩ።

«ቤቱን ምን ልታደርገው አሰብክ?» ብለው በጠበቃው በኩል ለጠየቁኝ ሳላድበሰብስ ብመልስ ይሻላል። ጠበቃው ጽፎልኛል። የአባዬ ኑዛዜ ፍርድ ቤት ቀርቦ አልጸናም። አባዬ ቤቱን ለእርስዎ ሊተውልዎ እንደፈለገ አውቃለሁ፤ ኑዛዜው ከወደቀ ግን ቤቱ በሕግ የሚተላለፈው ለኔ ለብቸኛ ልጁ ነው። እኔ ደግሞ ተመልሼ እዚያ የመኖር ሐሳብ የለኝም። ጎረቤታችን ባለ መድኃኒት ቤቱ ግድግዳውን አፍርሶ ሱቁን ለማስፋት ሊገዛው ይፈልጋል፤ እሺ ብዬዋለሁ። እርስዎ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ይቆዩ። ዓይኔን በጨው ታጥቤ እንዲህ መጻፌ ይቆጠቁጠኝ ይሆን ብዬ ጠበቅኩ። አልቆጠቆጠኝም። ይህንን የምነግርዎ ደግ ሰው መስዬ እንዳልታይዎ ነው።

ኑዛዜው ለምን እንደወደቀ ጠበቃው «በምስክር ጉድለት» ብቻ ብሎ አልፎታል። አባዬን የሚያህል ጠንቃቃ ሰው ምስክር እንዴት ይጎድለዋል? ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።

አክባሪዎ፣
የባለቤትዎ ልጅ


ጥር 24

ለረጅሙ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ጆሮዬ እንደምታውቀው ነው፤ ሌላው ሁሉ ደህና ነው። «የባለቤትዎ ልጅ» ብለህ ፈርመሃል። ሕጉ እኮ ባል አልነበረሽም ብሎኛል! ለማንኛውም ስላከበርከኝ አመሰግናለሁ።

ቀብሩ ላይ ሰው አልጎደለም። ወንበር አጥሮን ከመድኃኒት ቤቱ ተዋስን። እኔ አላለቀስኩም። ሴቶቹ «ደንዝዛለች፣ ተዉአት» ሲባባሉ ከከንፈራቸው አነበብኩ፤ እውነታቸውን ነው። ከቀብር እንደተመለስኩ የአልጋውን አንሶላ አነሳሁ፣ አጠብኩ፣ ተኮስኩ፣ አጥፌ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተትኩ። ሆስፒታል ስሠራ ሰው ከሞተበት አልጋ የሚመጣውን ሁሉ የማደርገው እንደዚሁ ነበር። የሱም አንሶላ እንደ ሌላው ሰው አንሶላ ታጠፈ።

ስለ ቤቱ ያልከውን አንብቤያለሁ። እሺ። እስከ ሚያዝያ ይበቃኛል። ስለ ማደሪያዬ አታስብ፤ ቦታ አለኝ።

አሁን የኑዛዜውን ጉድ ልንገርህ፤ ብትስቅም አልቀየምህም። የአባትህን ጠባይ ታውቃለህ። ሚዛን ሲጠግን ነጋዴውንም ሸማቹንም ጠርቶ ሁለቱም ሳያዩለት ከእጁ አያወጣም ነበር። ቤት ውስጥም ያው ነው። ሁላችንም ሳንፈርምበት የሚሆን ነገር አልነበረም። ፍሪጁ ሲገዛ ፈረምን። አጥሩ ሲቀባ ፈረምን። አንተ የስድስተኛ ክፍል ልጅ ሆነህ ለቧንቧው ጥገና ፈርመሃል፤ ፊርማህ ዶሮ የጫረችው መሬት ይመስል ነበር።

ኑዛዜውንም ራሱ በታይፕ ጻፈው። ጠበቃ ጋ እንሂድ ስለው «ዕድሜ ልኬን የሰው ሚዛን ያቃናሁ የራሴን ቃል መጻፍ ያቅተኛል?» አለኝ። ሕጉ አራት ምስክር ይፈልጋል። አራት ሰው ጠራ፤ ባለ መድኃኒት ቤቱን፣ ጫማ ሰፊውንና ሚስቱን፣ ጡረተኛዋን መምህርት። ለፊርማቸው በማስመሪያ አራት መስመር አሰመረ። ሦስቱ ፈርመው መምህርቷ ብዕሩን ስታነሳ «ቆይማ» አላት። ወደኔ ዞረ። «እሷስ? ስለሷ የተጻፈ ወረቀት ላይ እሷ ካልፈረመች በጀርባዋ የተዶለተ አይመስልም?» አለ። መምህርቷም «እውነት ነው፣ እኔ ልቅርባት» ብላ ብዕሩን አቀበለችኝ። በአራተኛው መስመር ላይ ፈረምኩ። አባትህ ወረቀቱን አንስቶ እፍ አለበት። ደስ ብሎት ነበር።

ለካስ ከኑዛዜ የሚጠቀም ሰው በዚያ ኑዛዜ ላይ ምስክር መሆን አይችልም! እኔ ስሰረዝ ምስክሩ ሦስት ቀረ፤ ሦስት ደግሞ አይበቃም። ዳኛዋ «ፈርሚ ያለሽ ማነው?» አለችኝ። «ሟች» አልኩ። ወረቀቱን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ መልሳ ወረቀቱን አየችው። የቆጡን አወርድ ብሎ የብብቱን ጣለ ማለት ይኼ ነው።

የሚዛን መሣሪያዎቹን ምን ላድርጋቸው? አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅህ፤ መሞቱን ሲነግሩህ ምን ሆንክ?

እትዬ


የካቲት 6

ለእትዬ፣

እንደምን ከረሙ? መሣሪያዎቹን ለሚጠቀምባቸው ሰው ይስጡልኝ። እኔ አንዱንም አልፈልግም።

ምን ሆንክ ላሉኝ፣ ምንም አልሆንኩም። አለቃዬ የነገረኝ በመገናኛ ሬዲዮ ነው። ክሬኑ ላይ ኮንቴይነር ተንጠልጥሎ ነበር። አወረድኩት። ቀጣዩን አነሳሁ። ፈረቃዬን ጨርሼ ወረድኩ፣ እጄን ታጠብኩ፣ በላሁ፣ ተኛሁ። የምሠራበት ክፍል የመስታወት ሳጥን ነው፤ ከታች የሚሄደው ሰው አውራ ጣት ያህላል፣ ድምፁም አይሰማም። ከዚያ ቀን ወዲህ መሬት ላይም ስሄድ እንደዚያው ነው። ሰው ያናግረኛል፤ እኔ አፉ ሲንቀሳቀስ አያለሁ።

ባለፈው ሰሞን የሠራተኛ ክፍሏ ጸሐፊ ጠርታ ቅጽ ሰጠችኝ። «በአደጋ ጊዜ የሚጠራ ሰው» የሚለው ላይ እስካሁን የአባዬ ስም ነበር፤ ቀይረው አለችኝ። ብዕሩን ይዤ ቆምኩ። ከኋላዬ ሰልፍ ነበር። የእርስዎን ስም ጻፍኩ። «ዝምድና» የሚለውን ባዶ ተውኩት። «ይሞላ» አለችኝ። «ቆይቼ እሞላዋለሁ» ብዬ ወጣሁ።

አንድ ነገር አልገባኝም። ጠበቃው ሲያስረዳኝ፣ እርስዎና አባዬ በሕግ ተጋብታችሁ ቢሆን ኖሮ ያለ ምንም ኑዛዜ የቤቱ ግማሽ የእርስዎ ነበር አለ። አንድ ፊርማ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። በየሰበቡ ሲያስፈርም የኖረ ሰው ያንን እንዴት ረሳው? ለምን አልተጋባችሁም?

አክባሪዎ


የካቲት 20

ለረጅሙ፣

ጤና ይስጥልኝ። የኔን ስም ለአደጋ ጊዜ ጻፍክ? ደውለው ቢነግሩኝ መች እሰማና! ደንቆሮን ለአደጋ ጊዜ የሚጽፍ ሰው ካንተ በቀር አላየሁም። ከራስ በላይ ነፋስ ይባላል፤ አንተ ግን እዚያ ሰማይ ላይ ከነፋሱም በላይ ሆነህ ሰው የጠፋብህ ትመስላለህ።

ባለ መድኃኒት ቤቱ ሜትር ይዞ መጥቶ ነበር። «ይቅርታ እናቴ፣ ይቅርታ እናቴ» እያለ ሳሎኑን ለካ፣ ጓዳውን ለካ። የመኝታ ክፍላችንን ሲለካ የሜትሩን ጫፍ የሚይዝለት አጣና እኔ ያዝኩለት። ግድግዳው ጋ አስጠግቼ ያዝኩለት። ከዚያ ቁጥሩን ነገረኝ፤ አልሰማሁትም፣ ግን ራሴን ነቀነቅኩ።

አንተም ጥንቃቄ አድርግ። የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት ሳታወጣና የቤቱን ካርታ በስምህ ሳታዞር ምንም የሽያጭ ውል እንዳትፈርም። ካርታው ከግብር ደረሰኞቹ ጋር በአረንጓዴው ሻንጣ ውስጥ ነው። እኔ ለጠበቃው በእጁ አስረክበዋለሁ። ሰው ሲሞት ቤተሰቡን የሚያጣላው ሀብቱ ሳይሆን ወረቀቱ የት እንዳለ አለመታወቁ ነው፤ ሆስፒታል በነበርኩ ጊዜ የሟች ልጆች የትራስ ልብስ ድረስ ሲፈትሹ አይቻለሁ።

መሣሪያዎቹን ጫማ ሰፊው ወሰዳቸው። ዕቃዬን መሸካከፍ ጀምሬያለሁ። ስለ ጋብቻው የጠየቅከኝን ሌላ ጊዜ እንነጋገራለን።

እትዬ


መጋቢት 3

ለእትዬ፣

እንደምን አሉ? ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ ካርታው ነገሩኝ፣ ስለ ሜትሩ ነገሩኝ። የጠየቅኩዎትን ግን አልመለሱልኝም።

ደግሞ ጫማ ሰፊው ለመሣሪያዎቹ ሊያመሰግነኝ ጽፎልኝ ነበር። እግረ መንገዱን፣ «ቦታ አለኝ» ያሉኝ ቦታ እንደሌለ ነገረኝ። እህትዎ ቤት ተጠይቆ ልጆቹ ራሳቸው ተደራርበው ነው የሚተኙት ተብለዋል አሉ። ሆስፒታሉ አካባቢ ኪራይ እየፈለጉ ነው አሉ። ለምን እንደደበቁኝ ይገባኛል። ቃል ገብቼ የለ፤ ባለ መድኃኒት ቤቱ ደግሞ ቃሌን ይዞ እየጠበቀ ነው። ስለዚህ ጉዳይ ምን ማድረግ እንዳለብኝ አላውቅም። ማወቅ የነበረብኝ ይመስለኛል፤ ሌላ ሰው ቢሆን ወዲያው ያውቀው ነበር።

እባክዎ ይመልሱልኝ። ለምን አልተጋባችሁም?

አክባሪዎ


መጋቢት 16

ለረጅሙ፣

ጫማ ሰፊው የሰው ጫማ ሲሰፋ አፉን መስፋት ረስቷል። በኪራይ የሚኖር ሰው እኔ የመጀመሪያዋ አይደለሁም፤ እሱን እዚያው ተወው።

ጋብቻውን ጠይቀሃልና ስማኝ። ማመልከቻው ተሞልቶ ነበር። የሱም የኔም ፎቶ ተለጥፎበታል። ወደ መዝጋቢው ልንሄድ ጫማ ስናደርግ አባትህ «ልጁ ሳይፈርም?» አለ። መዝጋቢው የልጅ ፊርማ አይጠይቅም አልኩት። «እሱ አይጠይቅም፣ እኔ እጠይቃለሁ። እናቱ የሞተችበት ልጅ ሳይስማማ ቤቱ ውስጥ ሌላ እናት አላቆምም» አለ። ቆሜ ነበር እኮ! ልብስህን የማጥብልህ፣ ትኩሳት ሲይዝህ አብሬህ የማድር እኔ ነበርኩ። ግን ደግ ነገር ስለመሰለኝ ጫማዬን አወለቅኩ።

ከዚያ ሊጠይቅህ ቀን መረጠ። ፈተና ላይ ነህ ብሎ ተወው። ፈተናው አለቀ፤ አኩርፈሃል ብሎ ተወው። ወደ ሥራህ ልትሄድ ስትል ስንብቱን አናበላሸው አለ። ከሄድክ በኋላ በደብዳቤ የሚጠየቅ አይደለም አለ። ለዕረፍት የመጣህ ጊዜ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ ማመልከቻውን በደረት ኪሱ ይዞ ነበር አብሮህ የበላው። ስለ ክሬን ጠየቀህ፤ ስለ መርከብ ጠየቀህ። ሸኝቶህ ሲመለስ ወረቀቱ ከኪሱ አልወጣም። «ምን አስፈራህ?» አልኩት። «እምቢ ቢለኝስ?» አለኝ። ይኼው ነው። እምቢ እንዳትለው ፈርቶ ሳይጠይቅህ ሞተ።

አንተን አልወቅስህም፤ ያልተጠየቀ ሰው ጥፋት የለበትም። እሱን ግን እወቅሰዋለሁ። ተናድጄበታለሁ። ቀብሩ ላይ እንባ ያልመጣልኝ ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። አገር የሚያከብረው ልከኛ ሰው የራሱን ነገር ለነገ ለነገ እያለ እኔን መሃል ሜዳ ላይ ትቶኝ ሄደ። ደግነቱን አልክድም። አብሮኝ ሲኖር ክፉ ቃል ከአፉ አልወጣም። ግን ደግ ሰው ሆኖ ፈሪ መሆን ይቻላል፤ ፍርሃቱን የሚከፍለው ደግሞ ሌላ ሰው ነው። አፈር ይቅለለው።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅህ። አባትህ ደፍሮ ቢጠይቅህ ትፈርም ነበር? እውነቱን ንገረኝ፤ ከዚህ በኋላ የሚያስቀይመኝ ነገር የለም።

እትዬ


ሚያዝያ 2

ለእትዬ፣

በልጅነቴ ቢጠይቀኝ አልፈርምም ነበር። ወረቀቱንም እቀደው ነበር ይሆናል። ሥራ ስይዝ ቢጠይቀኝ ግን እፈርም ነበር፤ ብዙም ሳላስብበት እፈርም ነበር። ለዕረፍት መጥቼ ስለ ክሬን ሲጠይቀኝ አንድ ሌላ ነገር ሊነግረኝ እንደፈለገ አውቄ ነበር። ታሞ መስሎኝ ፈራሁ። እኔም ሳልጠይቀው ተመለስኩ። እንግዲህ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ፈሪው አንድ ሰው ብቻ አልነበረም።

አሁን የሆነውን ልንገርዎ። ባለ መድኃኒት ቤቱ ጻፈልኝ። ደብዳቤው ጨዋ ነው፤ ነፍስ ይማር ይላል፣ ጤና ይስጥልኝ ይላል። መጨረሻው ላይ «ሴትየዋ መቼ ትወጣለች? ግንበኞቹን ቀጥሬያለሁ» ይላል። ያነበብኩት ክሬኑ ውስጥ ተቀምጬ፣ መኪናዎቹ እስኪደርሱ ስጠብቅ ነው። መኪናዎቹ ሲደርሱ የታዘዝኩትን ኮንቴይነር ትቼ ሌላውን አነሳሁ። መጀመሪያ ድካም መሰለኝ። የክሬን ነጂ ኮንቴይነር ከተሳሳተ መውረድ አለበት፣ ደንቡ ነው። በሬዲዮ ተናግሬ ወረድኩ። መሰላሉ ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ሰው እያየኝ አለቀስኩ። ለአባዬ ይሁን በሰውየው ተናድጄ፣ አልለየሁትም። ከዚያ አለፈልኝና ያው እንደ በፊቱ ሆንኩ።

በማግስቱ ሽያጩ መቅረቱን ለባለ መድኃኒት ቤቱ ጻፍኩለት። ቃሌን አጥፌበታለሁ፤ ይቀየመኝ። የወራሽነት ማረጋገጫው ወጥቷል፤ ካርታውም በስሜ ዞሯል። ለጠበቃው ውክልና ሰጥቼዋለሁ፤ ቤቱን በስጦታ ውል ለእርስዎ ያስተላልፍልዎታል። ጠበቃው አጥብቆ መክሮኛል። «ዕድሜ ልኳን ትኑርበት ብለህ የመኖር መብት ብቻ ስጣት፤ ቤቱ ያንተ ሆኖ ይቆያል» አለኝ። አልፈለግኩም። የቤቱ ጌታ እኔ ከሆንኩ እርስዎ እንግዳ ነዎት። «እንግዲያውስ እወቀው፤ አንዴ ከሰጠሃት ወደ አንተ አይመለስም። እሷ ስትሞት የሚወርሷት የእህቷ ልጆች ናቸው። አንተ በሕግ ምኗም አይደለህም» አለኝ። ይሁን አልኩት።

ስጦታው የሚጸናው እርስዎ ተቀብያለሁ ብለው ሲፈርሙ ነው። እባክዎ ይፈርሙ።

አክባሪዎ


ሚያዝያ 17

ለረጅሙ፣

ጠበቃው ሲመጣ ዕቃዬን አስሬ በር ላይ አስቀምጬ ነበር። ሆስፒታሉ በስተጀርባ አንዲት ክፍል አግኝቼ፣ የሚሸከምልኝ ሰው እየጠበቅኩ ነበር። ጠበቃው ጮክ ብሎ አነበበልኝ፣ አልሰማሁትም፤ ወረቀቱን ተቀብዬ ራሴ አነበብኩት።

መዝጋቢው ዘንድ ሄድን። «ስጦታውን ትቀበያለሽ?» አለኝ። ደስ አለኝ ብልህ እዋሻለሁ፤ ፈራሁ። አንድ ጊዜ ፈርሜ ቤት ያጣሁ ሰው ነኝና ብዕሩን መልሼ አስቀመጥኩ። ጠበቃውን «ይኼኛው ላይ እኔ መፈረም አለብኝ ወይስ የለብኝም?» ብዬ ሦስት ጊዜ ጠየቅኩት። ሰውየው ታጋሽ ነው። «በኑዛዜ ላይ አትፈርሚም፣ በስጦታ ላይ ትፈርሚያለሽ» አለና ቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፈልኝ። በማግስቱ ተመልሼ ፈረምኩ።

ባለ መድኃኒት ቤቱ መጥቶ «እናቴ፣ እንግዲህ ከእርስዎ ጋር እንነጋገራ» አለኝ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ ዛፉ መልሶ ሲቆም ግን ምሳር የያዘው ሰው እጁን የት እንደሚደብቅ ይጠፋዋል። ጆሮዬን እያሳየሁ «አልሰማም» አልኩት። በወረቀት ጻፈልኝ። «ዓይኔም ደክሟል» አልኩት። ሄደ።

ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ አንድ ነገር አሰብኩ። አሁን ሀብት ያለኝ ሴት ነኝ፤ ሀብት ያለው ሰው ደግሞ ነገሩን ለነገ ማለት የለበትም። ኑዛዜ ልጽፍ ነው።

አንተ ግን ንገረኝ፤ ለምን አደረግከው? አባትህን ለማስደሰት ከሆነ ሰውየው ሞቷል። አዝነህልኝ ከሆነም ንገረኝ፤ አልመልስልህም፣ ግን ማወቅ እፈልጋለሁ።

እትዬ


ግንቦት 1

ለእትዬ፣

እንደምን ሰነበቱ? መፈረምዎን ጠበቃው ነግሮኛል።

ለአባዬ ብዬ አይደለም። አዝኜልዎትም አይመስለኝም። ስለምወድዎ ነው ብዬ ብጽፍ ደግሞ ውሸት ይሆንብኛል ብዬ እፈራለሁ፤ በዚህ ሰሞን ምን እንደሚሰማኝና እንደማይሰማኝ ለይቼ አላውቅም። ጠዋት እነሳለሁ፣ እወጣለሁ፣ አነሳለሁ፣ አወርዳለሁ። ግን ስሜት ባይኖረኝም ልክ የሆነውን ነገር ማወቅ አላቃተኝም። ቤቱ የእርስዎ ነው። ልክ የሆነውን አስቀድሜ ልሥራ፣ ስሜቱ በሚመጣበት ጊዜ ይምጣ አልኩ። ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ኑዛዜ ሊጽፉ መሆኑ ደግ ነው። ለማን እንደሚተዉት አልጠይቅም፤ የእህትዎ ልጆች ጥሩ ልጆች ናቸው ይባላል። ብቻ እንደ አባዬ ራስዎ አይጻፉት። ጠበቃው ይጻፈው፤ ምስክሮቹም ከቤቱ ምንም የማያገኙ ሰዎች ይሁኑ። ለዚህ ለዚህ እኔ አለሁ። አለቃዬን ፈቃድ ጠይቄዋለሁ፣ ያለ ብዙ ልመና ሰጥቶኛል። ምስክር ከጎደለዎ መጥቼ እፈርምልዎታለሁ። በዚያ ቤት ውስጥ መፈረም የነበረብኝን አንድ ፊርማ ባልፈርም እንኳ ይኼንን ልፈርም።

ቀኑን ይጻፉልኝ፤ በዚያው ቀን እደርሳለሁ።

አክባሪዎ


ግንቦት 14

ለረጅሙ፣

«መጥቼ እፈርምልዎታለሁ» የሚለውን ሳነብ አለቀስኩ። ከቀብሩ ጀምሮ የተጠራቀመው ሁሉ መጣ። አባትህ ዕድሜውን ሙሉ ሊሰማት ፈልጎ ያጣት ቃል ይህችው ብቻ ነበረች። ለቅሶዬን ስጨርስ ሆዴ ቀለል አለኝ፤ ተነስቼ ያሰርኩትን ዕቃ ፈታሁ።

ስለ ስሜትህ ይቅርታ አትጠይቀኝ። ልብስ እጥበት ክፍል ሃምሳ ዓይነት እንባ አይቻለሁ፤ በጊዜው የመጣ ጥቂቱ ነው።

ኑዛዜው አልቋል። ጠበቃው ጻፈው፤ አንዲት መስመር አልጨመርኩበትም። አራት ምስክር አግኝቼያለሁ፤ ጫማ ሰፊውና ሚስቱ፣ መምህርቷ፣ አራተኛዋ አብራኝ ልብስ እጥበት ትሠራ የነበረች ሴት ናት። መምህርቷን «ዘንድሮ ቦታሽን አልወስድብሽም» አልኳት፤ ሳቀች። የእህቴ ልጆችም ተነግሯቸዋል፤ ጠርቼ ፊት ለፊት ነገርኳቸው። አንዱ ትንሽ አኮረፈ። ያኩርፍ፤ እኔ ከሞትኩ በኋላ ከሚደነግጥ አሁን ቢያኮርፍ ይሻላል። አንተም ለዚያች ጸሐፊ ቅጿን ሙላላት። ሚስት ባገባህ ጊዜ፣ በሠርግህ ማግስት መዝጋቢው ዘንድ ሂድ፤ የማንንም ፊርማ አትጠብቅ።

እፈርምልዎታለሁ ያልከው ግን አይሆንም። አንተ እዚያ ወረቀት ላይ ምስክር መሆን አትችልም። ጠበቃውን ጠይቄዋለሁ፤ ባልጠይቀውም አውቀው ነበር። ሕጉ ሁሉንም ይፈቅዳል፣ ጫማ ሰፊውን ይፈቅዳል፣ መንገድ ላይ የሚያልፈውን ሰው ይፈቅዳል፣ አንተን ብቻ ይከለክላል። ለምን እንደሚከለክልህ ደግሞ እኔን ከከለከለኝ ቀን ጀምሮ ታውቃለህ።

ፊርማው የፊታችን ሐሙስ ነው። ሐሙስ እንዳትመጣ። በዚህ ቤት ልማድ እጄ ተሳስቶ ብዕሩን ያቀብልህ ይሆናልና ሐሙስ በምንም ምክንያት በሬ ላይ እንዳላይህ። ዓርብ ግን ና።

እትዬ